በሎታል ፍርስራሽ ለአባቴ ዓይን ለሆኑት አስጎብኚ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በህንድ ጉጃራት ግዛት፣ ከአህመዳባድ ከተማ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የሎታል ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ አባቴንና እኔን ላስጎበኙን ባለሙያ በአደባባይ ምስጋና ለማቅረብ፣ ለሕክምናም ሆነ ለትምህርት ወደዚያ የምትሄዱ ወገኖቼም እሳቸውን ፈልጋችሁ እንድታገኙ ለመጠቆም ነው።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከ30 ዓመት በላይ ታሪክ አስተምረዋል። ስለ ዓባይና ስለ ግብፅ፣ ስለ ጤግሮስና ስለ ኤፍራጥስ የሚናገሩት ሞልቶ ይተርፋቸው ነበር፤ ኢንደስ ሸለቆ ላይ ሲደርሱ ግን የመማሪያ መጽሐፉ በአንድ አንቀጽ ስለሚያበቃ፣ ተማሪ ጥያቄ ባነሳ ቁጥር ያፍሩ እንደነበር ደጋግመው ነግረውኛል። ዓይናቸውን ግላኮማ ሲጎዳው ለሕክምና ወደ ህንድ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሞቹ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረችውን ጭላንጭል ማቆየት ብቻ እንደሚቻል ነገሩን። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳይናገሩ ቆዩና በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ «ሃራፓ ከዚህ ሩቅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የኢንደስ ሸለቆ ሥልጣኔ ታላላቅ ከተሞች የነበሩት ሃራፓም ሞሄንጆ-ዳሮም ዛሬ ያሉት በፓኪስታን ነው፤ የዚያው ሥልጣኔ ከተማ የሆነችው ሎታል ግን በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ ብቻ እንደሆነች ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ወደ ሎታል ከመሄዳችን በፊት በሌሎች ቦታዎች የደረሰብንን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንዱ አስጎብኚ ሙሉ ክፍያውን ከተቀበለ በኋላ፣ አባቴ እየሰሙ፣ «እሳቸው ካላዩ ምን ይሠራላቸዋል? መኪና ውስጥ ይጠብቁ፣ አንቺ ግቢ» አለኝ። ሌላው ደግሞ የኢንደስ ሰዎች ጽሕፈት ተነቦ እንዳለቀ በሙሉ ልብ ነገረን፤ አባቴ ማን እንዳነበበው በትሕትና ቢጠይቁት ተቆጥቶ ወደ መታሰቢያ ዕቃ መሸጫ መራን። ዕድሜውን ሙሉ ለእውቀት የኖረ ሰው፣ ዓይኑ ስለደከመ ብቻ እንደ ሻንጣ ከመኪና ይቀመጥ ሲባል መስማት እጅግ መራራ ነው።

የሎታሉ አስጎብኚ ግን ገና ሰላምታ ስንለዋወጥ አባቴን በቀጥታ፣ «ምን ያህል ይታይዎታል?» ብለው ጠየቋቸውና ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው መናገር ጀመሩ። መምህር መሆናቸውን ሲሰሙ ደግሞ እስከ መጨረሻው «ማስተርጂ» እያሉ ነበር የሚጠሯቸው። ፍርስራሹን መንካት ስለማይፈቀድ ከቦርሳቸው በጡብ ቅርጽ የተሠራ እንጨት አውጥተው በአባቴ እጅ ላይ አኖሩና ከፍታውን፣ ወርዱን፣ ርዝመቱን በጣታቸው እንዲለኩ ነገሯቸው። አባቴ በአውራ ጣታቸው እየለኩ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ አራት» አሉ። በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች በተራራቁት ከተሞች ሁሉ ጡቡ የሚሠራው በዚሁ ምጣኔ እንደነበር አስጎብኚያችን ሲነግሯቸው፣ «ታዲያ በአንድ መለኪያ የሚተዳደር ሥርዓት ነበራቸዋ!» ብለው እንደ ልጅ ተደሰቱ።

ከዚያ ርዝመቱ ከ200 ሜትር በላይ ወደሆነው፣ በተተኮሰ ጡብ ወደታነጸው ትልቅ ገንዳ ወሰዱን። አባቴ፣ «ወንዙስ የታል?» ሲሉ፣ ወንዙ አቅጣጫውን ቀይሮ እንደሄደ፣ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ቁፋሮውን የመሩት ኤስ. አር. ራኦ ይህን ስፍራ የመርከብ ማቆሚያ እንዳሉት፣ የውኃ ማጠራቀሚያ ነው ብለው የሚከራከሩ ምሁራንም እንዳሉ ሁለቱንም ወገን ሳያዳሉ አስረዱን። የታወቀውን «ይህ ታውቋል»፣ ያልታወቀውን «ይህ አልታወቀም» ብሎ የሚነግር አስጎብኚ ከዚያ በፊት አላጋጠመንም ነበር።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ከዚያ የሆነው ነው። በዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡንና ከቦርሳቸው አነስተኛ ከረጢት፣ ገመድ፣ እርጥብ ሸክላና የጥንቱ ማኅተም አምሳያ አወጡ። ከረጢቱን አስረው ቋጠሮው ላይ ሸክላውን ለጠፉበት፤ ከዚያም የአባቴን እጅ ይዘው ማኅተሙን አብረው ጫኑት። በሎታል መጋዘን እንዲህ ያሉ የሸክላ እሽጎች እንደተገኙ፣ ከተማዋን ያገኛት እሳት ሸክላውን ተኩሶ እንዳቆየው፣ በጀርባውም የገመዱ አሻራ ዛሬ ድረስ እንደሚታይ ነገሯቸው። አባቴ በጣታቸው መጀመሪያ በሸክላው ላይ የታተመውን ባለአንድ ቀንድ እንስሳ አገኙት፤ ቀጥሎ ከበላዩ ያሉትን ምልክቶች ከቀኝ ወደ ግራ እየዳሰሱ አምስት ቆጠሩ። «ምን ይላል?» አሉ። አስጎብኚያችንም፣ «ማስተርጂ፣ እስካሁን ማንም አያውቅም» አሏቸው። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኛ ኢዛና ያስጻፈውን ድንጋይ ዛሬም እናነበዋለን፤ ፊደሉ ከቤተ ክርስቲያን አልወጣምና። እነዚህ ሰዎች ግን እስከ ሜሶፖታሚያዋ ከተማ እስከ ኡር ድረስ ዶቃ ልከው ሲነግዱ ኖረው፣ ስማቸውን የሚጠራላቸው ጠፋ» ብለው አለቀሱ። አስጎብኚያችን ቀጣይ እንግዶች እየጠበቋቸው እንኳ አልቸኮሉም፤ አባቴ እስኪረጋጉ ድረስ እጃቸውን ይዘው አብረዋቸው ተቀመጡ።

ለዚህ ሁሉ የጠየቁን ከተስማማንበት አንዲት ሩፒ አልጨመረም፤ ጉርሻ ብሰጣቸውም አንቀበልም ብለው በብዙ ልመና ነው የተቀበሉኝ። ስለዚህ አህመዳባድ የምትሄዱ ወገኖቼ፣ በተለይም አረጋውያንን ወይም ዓይነ ስውራንን ይዛችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ከእሳቸው ጋር ሂዱ። ታሪክ የምታስተምሩም ሂዱ፤ ከእሳቸው ጋር ግማሽ ቀን ብትውሉ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ትምህርት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ፀሐዩ ስለሚበረታ በማለዳ ተነሡ፣ በስፍራው ያለውን ሙዚየምም እንዳታልፉት። ስማቸውን ሳያስፈቅዱ በአደባባይ መጻፍ ተገቢ ስላልመሰለኝ እዚህ አላኖርኩትም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን ስልካቸውን በደስታ እሰጣለሁ።

ያ ሸክላ ደርቆ አሁን በአባቴ ራስጌ ተቀምጧል። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍኑ ይሏቸውና በእጃቸው ያስይዟቸዋል።