አሮጌ አውሮፕላን "ላይት ስፖርት ነው" ተብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጋሼን አናግሯቸው

ዳላስ አካባቢ ያላችሁ መብረር የምትወዱ ሀበሾች፣ እኚህን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። የድሮ የአየር መንገዳችን ሰው ናቸው፣ ሙያውን አዲስ አበባ ተምረው እዚህ ደግሞ የኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን) ፈቃድ ያላቸው መካኒክ ሆነው ዓመታዊ ኢንስፔክሽን የሚፈርሙ።

ከታች የማነሳው አዲሱ ህግ ከመውጣቱ በፊት እኔና ወንድሜ አንድ ኤርኩፕ የሚባል ትንሽ የድሮ አውሮፕላን ልንገዛ ቀብድ ለመክፈል ተዘጋጅተን ነበር። ሻጩ 415-ሲ ነው፣ ላይት ስፖርት (የቀላል ትንንሽ አውሮፕላኖች ምድብ) ውስጥ ይገባል፣ ሜዲካል (የጤና ምርመራ ሰርተፍኬት) ሳታወጡ በመንጃ ፈቃዳችሁ ታበሩታላችሁ አለን። እውነትም 415-ሲ ሲነሳ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት 1,260 ፓውንድ ነው፣ የላይት ስፖርት ጣሪያ ደግሞ ያኔ 1,320 ነበር። ጋሼ ግን ሞዴሉን ሰምተው ዝም አላሉም፣ ሎግቡኩን (የአውሮፕላኑን የጥገና መዝገብ) ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ሲያገላብጡ የሆነ ጊዜ ወደ 415-ዲ ተቀይሮ ክብደቱ 1,400 እንደተደረገ አገኙት። በቃ አለቀ! ህጉ አውሮፕላኑ መጀመሪያ ሰርተፋይድ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ሳያቋርጥ መስፈርቱን ያሟላ ነው የሚለው፣ አንዴ ካለፈ በኋላ ወረቀቱን መልሶ ማውረድ አይሰራም። ስንቱ ሰው ይሄን ሳያውቅ ገንዘቡን ይከፍላል! በኋላ ራሳቸው ያዩልንን 1,220 ፓውንድ የሆነ ኤሮንካ ቻምፕ ገዛን፣ እግዜር ይስጣቸው። ሉስኮም የሚባለውን አውሮፕላን ስናይም 8ኤ ሞዴሉ ይገባል 8ኢው አይገባም፣ ሴስና 140 ትንሽ መስሎ 1,450 ነው እያሉ ከዳታ ሺቱ (የሞዴሉ ይፋዊ መግለጫ) ላይ ያሳዩን ነበር።

አሁን ሞዛይክ የሚባለው ህግ መጥቶ ከኦክቶበር 22፣ 2025 ጀምሮ ለስፖርት ፓይለት (ያለ ሜዲካል በመንጃ ፈቃዱ ለሚያበር) የክብደቱ ጣሪያ ተነስቷል፣ የሚታየው ያለ ፍላፕ (የክንፉ ተዘርጊ ክፍል ሳይወርድ) የስቶል ፍጥነቱ፣ ማለትም አውሮፕላኑ ከዚያ በታች ሲሆን ክንፉ መሸከም የሚያቆምበት ፍጥነት ነው፣ ከ59 ኖት መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ሴስና 150ም 172ም ገባ፣ ወንበሩ አራት ቢሆንም የምትጭኑት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ታዲያ የጋሼ ስራ አልቀረም፣ የድሮ ማንዋል በማይል በሰዓት ስለሚጽፍ 59 ኖት ማለት 68 ማይል ገደማ መሆኑን፣ ቁጥሩም ጌጁ ላይ የሚነበበው ሳይሆን ካሊብሬትድ የሆነው (የጌጁ ስህተት ታርሞ የሚገኘው) መሆኑን አስረድተው ነው የሚያሰሉላችሁ። ደግሞ አሮጌው አውሮፕላን በስፖርት ፓይለት ስለበረረ ሰርተፍኬቱ አይቀየርም፣ ዓመታዊ ኢንስፔክሽኑ እንደ ድሮው ነው።

ስልካቸውን እዚህ አለጥፍም፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝና እሰጣችኋለሁ። ብቻ ከመደወላችሁ በፊት ሻጩን ሎግቡኩን ሙሉውን ስካን አድርጎ እንዲልክላችሁ ጠይቁት፣ ፎቶውን ብቻ ልካችሁ "ይገባል ወይ?" ብትሏቸው መልስ አይሰጡም።