ጥቁር ፊልተር ጠላ በቤት ማስጠመቅ፦ በባሕር ዳር የአንዲት ጠማቂ አገልግሎት

በባሕር ዳር ሠርግ የሚደግስ ቤተሰብ መጠጡን ቢራ በሣጥን ገዝቶ ሊጨርሰው ይችላል፤ ከፊልተር ጠላ ቤቶች በጀሪካን ሊያስመጣም ይችላል፤ አለዚያም ጠማቂ ጠርቶ በገዛ ግቢው ያስጠምቃል። እኛ ለጥር ሠርግ የመረጥነው የመጨረሻውን ነው። ያስጠመቅናቸው እናት ማስታወቂያም ሆነ የተለጠፈ ስም የላቸውም፤ የሚታወቁት ጠላቸውን የቀመሰ ለሌላው እየነገረ ነው፤ የሰፈሩ ሰው «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኛም እንዲሁ። ያዘዝነው ሦስት ጋን ጥቁርና ጠንካራ ፊልተር ጠላ፣ ማለትም በጨርቅ ተጠልሎ የሚቀርብ ጠላ ነበር። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ በቤታችን ድግስ ከቀረበው ጠላ ሁሉ የሚበልጥ ጠላ ነው ያገኘነው፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት እትዬ ዳጉሳውን ያመሱበት ጥንቃቄና ከልክ ያለፈ ውኃ አልጨምርም ማለታቸው ነው። ሆኖም አስጠማቂው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉድለቶችም አሉ።

ውሉ ቀላል ነው። እህሉን፣ ጌሾውን፣ ማገዶውንና ውኃውን የሚያቀርበው ባለ ድግሱ ሲሆን፣ እትዬ ጋኖቻቸውን፣ ሰፊውን የሸክላ ምጣዳቸውንና ሁለት ረዳቶቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሚከፈላቸው በጋን እንጂ በቀን ስላልሆነ፣ የአየሩ ሁኔታ ሥራውን ቢያጓትተው እንኳ ሒሳቡ አይጨምርም። እሳቸው ሳያዩት የተገዛ እህል ግን አይቀበሉም፤ ስለዚህ ገበያ አብሮ መውጣት ግድ ነው። ይህን መጀመሪያ እንደ ጣጣ የሚቆጥረው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ከአገልግሎቱ ክፍሎች ሁሉ እጅግ ጠቃሚ ከሆኑት አንዱ ሆኖ አግኝቸዋለሁ።

ቅዳሜ ገበያ ስንዞር ዳጉሳውን በመዳፋቸው እየዘገኑ ያሸቱ ነበር፤ ትንሽ እንኳ የሻጋታ ሽታ ካለው ዋጋውን ሳይጠይቁ ያልፋሉ። በሜጫና በአቸፈር በብዛት የሚዘራው ይህ ደቃቅ፣ ቀላ ያለ እህል ለአካባቢው ጠላ ጥቁረቱንም ጥንካሬውንም የሚሰጥ ነው። የገብሱን ብቅል ደግሞ በጥርሳቸው ይሰብሩታል። በሚገባ የበቀለና በፀሐይ የደረቀ ብቅል ቀጭ ብሎ ይሰበርና ምላስ ላይ ጣፋጭነት ይተዋል፤ ሲያኝኩት እንደ ሊጥ የሚለጠፍ ከሆነ አልደረቀም፤ እንደ ጠጠር ከጠነከረና ጣዕም ከሌለው ደግሞ አልበቀለም። ጌሾውን የመረጡት ከዘጌ የመጣውን ነው፤ በዚያ ባሕረ ገብ መሬት ጌሾ ከቡናው ጋር በገዳማቱ ዙሪያ በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። አንዲት ነጋዴ ቅጠሉ የገረጣ ጌሾ ስታቀርብላቸው በጣታቸው አሽተው፣ «ይኼ ከርሟል፤ ምሬት እንጂ ሽታ የለውም፤ ልጄ፣ ለዚህ ብርህን አታውጣ» ብለውኝ አለፉ።

ጋኖቹን ለማጽዳት የሚያጠፉት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሊሆንም ይገባል። ረዳቶቹ እያንዳንዱን ጋን በግራዋ ቅጠል ደጋግመው ፈተጉት፤ ውኃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ አጠቡት፤ ከዚያም ፍም ላይ የወይራ እንጨት አጭሰው ጋኑን በአፉ ደፍተው አጠኑት። ጭሱ ወደ ሸክላው ውስጥ ዘልቆ ጠላውን የሚያኮመጥጡትን ተህዋስያን ይቀንሳል፤ ጠላውም ሲቀዳ የወይራ መዓዛ ይኖረዋል። አጎቴ ሥራው እንዲቀልል የፕላስቲክ በርሜል ሊያመጣ ቢል እትዬ አልተስማሙም፤ ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ፕላስቲክ አይታጠንም፤ ቀድሞ የያዘውን ነገር ሽታም በቀላሉ አይለቅም፤ ከዚህ በፊት ምን ሲቀመጥበት እንደነበረ ያልታወቀ በርሜል ደግሞ ለመጠጥ ፈጽሞ ሊውል አይገባም።

ለጥንስሱ የሚሆነውን የቧንቧ ውኃ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳደሩት፤ የክሎሪኑ ሽታ እንዲወጣለት ነው። በማግሥቱ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና ጥቂት የብቅል ዱቄት ጨምረው ጠነሰሱት፤ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አረፋ ያዘ። እርሾ ከውጭ አይጨመርም፤ በጌሾው፣ በእህሉና በጋኑ ላይ ያለው የተፈጥሮ እርሾ በቂ ነው።

በሰፊው ልጽፍለት የምፈልገው የእንኩሮውን፣ ማለትም ለጠላው የሚሆነው ዱቄት የሚታመስበትን ቀን ነው። የዳጉሳው ዱቄት ከጥቂት የገብስ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ውኃ እየተርከፈከፈበት በእጅ ታሸ፤ ሊጥ ሳይሆን ፍርፍር ብሎ የሚያያዝ ዓይነት ነበር። ምጣዱ ከጎህ ጀምሮ ተጥዶ ስለነበር እሳቱ ነበልባሉ አልፎ ፍም ሆኗል። እትዬ እንኩሮውን በስሱ በትነው በእንጨት ማማሰያ ያለማቋረጥ ያገላብጡት ጀመር፤ በመጀመሪያ የዳቦ ሽታ፣ ቆይቶም የተቆላ ቡና የሚመስል ሽታ ግቢውን ሞላው። ዱቄቱ ከቀይ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር ሲሄድ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈቅዱም፤ የሚፈለገው ጥቁረትና ቃጠሎ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት የሚከታተሉ ናቸውና። በየመሐሉ ቆንጠር አድርገው ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ሲኒ ውስጥ ይጨምሩና ቀለሙን ያያሉ፤ ውኃው ቡና ከመሰለ ያ ዙር ደርሷል ማለት ነው። ከአንዱ ዙር ላይ አንዷ ረዳት ዘወር ስትል ዳር ዳሩ አረረ። እትዬ አንድ ጉንጭ ሙሉ ቀምሰው ተፉትና ያን ሁሉ ዱቄት ለብቻ አስቀመጡት፤ ጋን ውስጥ አልገባም። ዱቄቱ የእኛ ነበር፤ ኪሳራውም የእኛ ነው፤ ቢሆንም ያረረ እንኩሮ የሚያመጣውን የአመድ ጣዕም ከጠላ ውስጥ ማውጣት ስለማይቻል ውሳኔያቸውን ከልቤ ደግፌዋለሁ።

ስታውት የሚባለውን ጥቁር ቢራ የሚያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ የሐረር ቢራ ፋብሪካን ሐኪም ስታውት የቀመሰ፣ ይህን ሥራ በቅርበት ቢያይ ብዙ የሚያገናኘው ነገር ያገኛል። የስታውት ጥቁረትና የቡና የመሰለ ጣዕሙ የሚመጣው አጥብቆ ከተቆላ ገብስ ነው፤ ይሁን እንጂ ጠማቂው ሁሉንም እህል አይቆላም። እጅግ የተቆላ ብቅል ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጠውን ኢንዛይም ስለሚያጣ፣ አብዛኛው ብቅል ሳይጠቁር ይቀራል፤ የሚጠቁረው ጥቂቱ ነው። እትዬም በፀሐይ ብቻ የደረቀ ብቅል መርጠው ዳጉሳውን ማመሳቸው በዚሁ ምክንያት የሚገለጽ ነው፤ ለምን ብቅሉም አይታመስም ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ብቅል ከታመሰ ይሞታል፤ የሞተ ብቅል ጋን አያፈላም» አሉኝ። ልዩነቱ በመራራው ላይ ነው፤ ስታውት ምሬቱን የሚያገኘው ሆፕ ከሚባለው ተክል አበባ ሲሆን ጠላ ደግሞ ከጌሾ ያገኛል፤ የጌሾው ምሬት አፍ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

እንኩሮው በሰፌድ ተዘርግቶ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ድረስ ተጠበቀ፤ ትኩሱ ቢገባ ጥንስሱ ውስጥ ያለውን እርሾ ይገድለዋል። አመሻሽ ላይ ከቀረው ብቅልና ከተወቀጠው የጌሾ እንጨት ጋር ተደባልቆ በየጋኑ ተጨመረ፤ ድፍድፉ ማማሰያ የሚያቆም ያህል ወፍራም ነበር። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ብትሆንም የታኅሣሥ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ፣ ረዳቶቹ ጋኖቹን በገለባ ከበቧቸው። ድፍድፉ ከ10 ቀን በላይ ተቀመጠ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጆሮን ወደ ጋኑ ሲያስጠጉ መንፈቅፈቁ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄደ።

የጠላው ጥንካሬ የሚወሰነው ከዚህ ቀጥሎ ውኃ ሲጨመር ነው፤ የጠማቂ ታማኝነት የሚፈተነውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። አክስቴ የእንግዳው ቁጥር እየበዛ ስለመጣባት ሦስቱ ጋን አራት እንዲሆን ውኃው ቢበረክት አይሻልም ወይ ብላ ጠየቀች። እትዬ ሳይቆጡ፣ «እታለም፣ አራት ጋን ከፈለግሽ የአራት ጋን እህል መግዛት ነበረብሽ፤ እኔ ቀጭን ጠላ ጠምቄ ስሜን አላጠፋም» ብለው የወሰኑትን ያህል ብቻ ጨመሩ፤ ጋኖቹም አፋቸው ተከድኖ በጭቃ ተመረጉ። አንዳንድ ጠማቂዎች በዚህ ደረጃ ላይ ውኃ አብዝተው ጉድለቱን በስኳር ይሸፍናሉ፤ እንዲህ ያለው ጠላ አናት ይመታል እንጂ የእህል ጣዕም የለውም።

ጋኖቹ ከተከፈቱ በኋላ ጠላው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ተጠለለ። ሲቀዳ ከጥቁር ቡና የማይተናነስ ቀለም ነበረው፤ ወደ ብርሃን ሲያነሡት ግን ጠርዙ ላይ ወደ ቀይ የሚያደላ ጥራት ይታያል። መጀመሪያ የወይራው ጭስ፣ ቀጥሎ የታመሰው ዳጉሳ፣ በመጨረሻም የጌሾው ምሬት በየተራ ይመጣሉ፤ ኮምጣጣነቱ ለመጠጡ ሕይወት የሚሰጥ ያህል ብቻ ነው። ሦስተኛው ጋን ከሁለቱ ትንሽ ቀለል ብሎ ነበር፤ እትዬም ይህን ራሳቸው አስቀድመው ነግረውን መጨረሻ እንዲቀዳ አድርገዋል። ከአተላው ላይ ውኃ ጨምረው ያወጡትን ቅራሪ ለብቻው በእንስራ አስቀመጡት እንጂ ከዋናው ጠላ ጋር አልቀላቀሉትም።

ስለ ጉድለቶቹ ደግሞ እንዲህ ነው። እትዬ የማገዶውን መጠን አስቀድመው አይናገሩም፤ «የሚበቃውን አቅርቡ» ብለው ይተዉታል፤ በእንኩሮው ቀን እኩለ ቀን ላይ ማገዶ አልቆብን፣ ምጣዱ እየቀዘቀዘ ልጅ ወደ ገበያ መላክ ነበረብን። እንዲህ ያለ ልምድ ያላት ባለሙያ ለአንድ ጋን ስንት ሸክም እንጨት እንደሚያስፈልግ ልትነግር ትችላለች፤ ልትነግርም ይገባል። ጭሱም ቀላል አይደለም። ግቢው ጠባብ የሆነ ሰው፣ በተለይ በጋራ ግቢ የሚኖር፣ ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ ሳይነጋገር ይህን ሥራ ባይጀምር ይሻላል። ጋኖቹ ለሳምንታት የሚቀመጡበት ፀሐይ የማይገባበት ቦታም ያስፈልጋል።

ሌላው ጉዳይ ጥንካሬው ነው። የተለመደ ጠላ የአልኮል መጠኑ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ ሲሆን ፊልተር ጠላ ከ5 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከቢራ አይተናነስም፤ አንዳንዴም ይበልጣል። እትዬ ይህን ለእንግዳ የማስረዳት ኃላፊነት የእሳቸው እንደሆነ አድርገው አያዩትም። የገጠር ዘመዶቻችን በቅራሪ ልማዳቸው በትልቅ ጣሳ መጠጣት ሲጀምሩ አሳላፊዎቹን በትንንሽ ብርጭቆ እንዲቀዱ አዘዝናቸው፤ የሚያስጠምቅ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ቢያስብበት መልካም ነው። መኪና ይዞ የመጣ እንግዳ ካለም በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ዋጋውን ከቢራ ጋር ለሚያነጻጽር፣ እህሉ፣ ማገዶውና የእትዬ ክፍያ ተደምሮ ለእኛ ያን ያህል እንግዳ የሚያጠግብ ቢራ ከምንገዛበት ያነሰ ሆኖልናል፤ ነገር ግን የቤተሰቡን ጉልበትና የተያዘውን ጊዜ በገንዘብ ለሚተምን ሰው ልዩነቱ ይጠብባል። ለአርባ ወይም ለሃምሳ ሰው ማኅበር ይህን ሁሉ መድከም አያስፈልግም፤ ከታመነ ጠላ ቤት መግዛት ይቀላል። ብዙ እንግዳ ለሚጠራና የጠላው ጣዕም ለሚያሳስበው ቤተሰብ ግን እትዬን ያለማመንታት እመክራለሁ።

ለጥር ሠርግ የሚፈልጋቸው ሰው ከኅዳር አጋማሽ በፊት ሊያነጋግራቸው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ጋኖቻቸው ሁሉ ይያዛሉ። የሠርጉን ቀን ሲሰሙ ወደ ኋላ ቆጥረው የሚጠነስሱበትን ቀን ይወስናሉ፤ ያ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ሠርጉን መግፋት አይቻልም፤ ተከፍቶ አየር ያገኘ ጠላ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ኮምጣጤ ማዘንበል ይጀምራልና።