የ1820ው ወይስ የ1850ው? ስለ ባርነት መስፋፋት የተደረጉ ሁለት የአሜሪካ ስምምነቶች

ከሁለቱ የትኛው ይሻል ነበር ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚወሰነው ዋጋውን ማን ከፈለ በሚለው ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ቅለት፦ የ1820ው ሚዙሪን ባርነት የሚፈቀድባት፣ ሜይንን ነጻ ግዛት አድርጎ፣ ከሚዙሪ በቀር ከፈረንሳይ በተገዛው የሉዊዚያና መሬት ከ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ በስተሰሜን ባርነትን ከለከለ፤ ማንም በካርታ ላይ የሚያየው መስመር ነበር። የ1850ው በአምስት ሕጎች ተከፋፍሎ ጸደቀ፤ ካሊፎርኒያ ነጻ ሆና ስትገባ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ባርነት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለው ለነዋሪዎቹ ተተወ።

ዋጋ፦ እዚህ ላይ የ1850ው እጅግ ይከፋል። ከባርነት ያመለጡትን ለማስመለስ በወጣው ሕግ መሠረት ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር የተያዘውን ሰው ለጌታው ካስረከበ 10 ዶላር፣ ከለቀቀው ግን 5 ዶላር ይከፈለው ነበር፤ የተያዘው ሰውም የምስክርነት ቃሉ አይሰማለትም። ይህን ስምምነት ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

አደጋ፦ የ1820ው መስመር በ1854 በካንሳስና ነብራስካ ሕግ እስኪሻር 34 ዓመት ቆየ፤ የ1850ው ውጥረቱን ያረገበው ለጥቂት ዓመታት ነው።

ወሰኑ ለታወቀ መሬት የ1820ው መንገድ ይስማማ ነበር፤ ከሜክሲኮ በጦርነት የተወሰደውን ሰፊ ምድር በተመለከተ ጊዜ መግዛት ለፈለጉ ፖለቲከኞች ደግሞ የ1850ው ይቀርብ ነበር። ያመለጠ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ ባርነት በሌለበት ሰሜን ወዳለችው ቦስተን መድረሱ አልበቃውም፤ እስከ ካናዳ መጓዝ ነበረበት።