ሳብሪና 2 በጎንደር ሲሚንቶ ላይ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የናይኪው ሳብሪና 2 ለቅርጫት ኳስ ካደረግኋቸው ጫማዎች ሁሉ የተሻለ ነው፤ ለጎንደር ሜዳ ግን አልተሠራም። ይህን የምለው ከጥምቀት ጀምሮ ሲሚንቶ ላይ ስፈጀው ከርሜ ነው። ሥራዬ ስፖርት ማስተማር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሴት ልጆችን አሠለጥናለሁ፤ ጉልበቴ በፈቀደ ጊዜም አብሬያቸው እጫወታለሁ። ጫማውን ያመጣችልኝ በዓሉን ለማክበር ከአሜሪካ የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት። እዚያ ሲወጣ ዋጋው 130 ዶላር ነበር፤ በብር ሲመነዘር ከወር ደመወዜ ይበልጣል። ስለዚህ ስጦታ ነው ብዬ ነቀፋዬን አላለሳልስም።

ስሙ የሳብሪና ዮኔስኩ ነው። ወላጆቿ ከሩማንያ የተሰደዱ፣ እርሷ ካሊፎርኒያ ተወልዳ ያደገች፣ በአሜሪካ የሴቶች ሊግ የኒውዮርክ ሊበርቲ ክለብ ተጫዋች። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሳለች 26 ጊዜ ትሪፕል ደብል ሠርታለች፤ በአንድ ጨዋታ በነጥብም፣ በሪባውንድም (ስቶ የተመለሰ ኳስ በመያዝ)፣ ነጥብ የሆኑ ኳሶችን በማቀበልም 10 እና ከዚያ በላይ ማስመዝገብ ማለት ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ውድድር ከወንድም ከሴትም እዚያ ቁጥር ላይ የደረሰ አልነበረም። በአውሮፓውያኑ 2020 የሊጉ ክለቦች አዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ ሊበርቲ ከሁሉም አስቀድሞ እርሷን መረጠ። በሁለተኛ ጨዋታዋ 33 ነጥብ አስቆጠረች። በሦስተኛው የተቃራኒ ተጫዋች እግር ረገጠችና ግራ ቁርጭምጭሚቷ ክፉኛ ወለም አለ፤ የውድድር ዘመኑም በዚያው አለቀባት።

ጉዳቱን ያነሣሁት ለወሬ አይደለም። በስሟ የተሠራው ጫማ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን አጭር ጫማ ነው። እናቴ ሣጥኑ ሲከፈት አይታ «እግርሽን የሚይዘው ምኑ ነው? ይህን አድርገሽ ብትወድቂ ወደ ወጌሻ የሚያመላልስሽ የለም» ብላኛለች። አልፈረድኩባትም። እዚህ አገር ኳስ ተጫውቶ ወጌሻ ፊት እግሩን ዘርግቶ በቅቤ ያልታሸ ማን አለ? እኔም እስከ ዛሬ የለመድኩት አንገቱ ረጅሙን ጫማ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቴን አጥብቆ ሲያስር ደኅንነት የሰጠኝ ይመስለኝ ነበር።

ሳብሪና 2 እግርን የሚይዘው ከታች ነው። መሃል እግር ላይ ከሶሉ የሚነሣ ጠንካራ ነገር በጎንና በጎን ያቅፋል፤ ማሰሪያው ሲጠብቅ እቅፉም አብሮ ይጠብቃል። ተረከዙ አይንሸራተትም። ኳስ ወደ ቀኝ እየነዳሁ ድንገት ቆሜ ወደ ግራ ስዞር፣ በድሮው ጫማ እግሬ በውስጡ ይሄድና ትንሿ ጣቴ ግድግዳውን ትገፋ ነበር፤ በዚህኛው እግርና ጫማ አንድ ላይ ይቆማሉ። ከሥሩ ሙሉውን የሚሸፍን ሪአክት የተባለ ስፖንጅ አለው፤ ከፊት፣ ከጣቶች ሥር፣ አየር የታመቀበት ከረጢት ተጨምሮበታል። ይህ ከረጢት ሲራመዱበት አይታወቅም። የሚታወቀው ሁለት እርምጃ ሮጦ፣ ቆሞ፣ ለመወርወር ሲነሡ ነው። ያን ጊዜ መሬቱ ቀለል ያለ ይመስላል።

የሳብሪና ሥራም ይኸው ነው፤ መንዳት፣ መቆም፣ መወርወር። በ2023 በሴቶቹ ሊግ ከሩቅ በሚወረወርበት የሦስት ነጥብ ውድድር በመጨረሻው ዙር ከ27 ውርወራ 25ቱን አግብታ ከ40 ነጥብ 37 ስታገኝ ያየ ሰው የእጇን ነገር ያወራል፤ እኔ ግን ተማሪዎቼን እግሯን እዩ እላቸዋለሁ። በ2024 ከወንዶቹ ሊግ ከኤንቢኤ ኮከብ ከስቴፈን ከሪ ጋር በዚሁ ዓይነት ውድድር ስትወዳደር ራቅ ካለው ከወንዶቹ መስመር ወርውራ 26 አስቆጠረች። ከሪ በ29 አሸነፋት፤ ግን 26 በዚያው ምሽት የወንዶቹ ውድድር አሸናፊ ዴሚያን ሊላርድ በመጨረሻው ዙር ያገኘው ነጥብ ነው።

ጫማ ኳስ አያስገባም፤ ይህንንም ያሳየችን ራሷ ናት። በዚያው ዓመት ሊበርቲ ከሚኒሶታ ሊንክስ ጋር ለዋንጫ ሲጫወት፣ በሦስተኛው ጨዋታ 77 ለ77 ሳሉ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከ8 ሜትር ተኩል ገደማ ወርውራ ጨዋታውን ጨረሰችው። በአምስተኛውና በወሳኙ ጨዋታ ደግሞ 19 ጊዜ ወርውራ አንድ ብቻ አገባች። ከ19 አንድ! ቡድኗ ግን በተጨማሪ ሰዓት 67 ለ62 አሸንፎ ከ1997 ጀምሮ ሲጠብቀው የኖረውን የመጀመሪያ ዋንጫ አነሣ፤ እርሷም ኳስ እምቢ ባላት ሌሊት ነጥብ የሆኑ 8 ኳሶችን አቀብላለች። አንድ ኳስ ስታ ሜዳ ላይ ለምትነፋረቅ ተማሪዬ የምነግራት ይህን ነው።

አሁን ወደ ነቀፋው። ሶሉ የተሠራው በጣሪያ ሥር ላለ የእንጨት ወለል ነው። የእኛ ሜዳ ሲሚንቶ ነው፤ ቀለሙ የለቀቀ፣ በጋ አቧራ የሚለብስ፣ ቅርጫቱ መረብ የሌለው። በእንደዚህ ያለ መሬት ላይ የሶሉ ጥርሶች እንደ ጠመኔ ያልቃሉ። የእኔ ግራ ጫማ፣ የምዞርበት እግር ስለሆነ፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለው ቅርጽ ጠፍቶ ለስልሷል፤ ቀኙ ገና ነው። አቧራም ጠላቱ ነው። ጥርሶቹ መሃል ሲገባ ይንሸራተታል፤ በየእረፍቱ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ግድ ነው። ፒያሳ ያለው ጫማ ሰፊዬ ገልብጦ አየውና «ለዚህ የምለጥፈው ጎማ አለኝ፤ ግን የጎማው ክብደት ጫማውን ይገድለዋል» አለኝ። እውነቱን ነው።

ሌላው ስፋቱ ነው። ጠበብ ይላል። በባዶ እግሩና በነጠላ ጫማ ያደገ እግር ከፊት ሰፊ ነው፤ ከተማሪዎቼ የሞከሩት ግማሾቹ ጎኑ ላይ ቆነጠጠን ብለዋል። ግማሽ ቁጥር መጨመር ይበጃል፤ አንድ ሙሉ ቁጥር ከጨመራችሁ ግን ተረከዙ ይለቃል፤ ያን ጊዜ ያመሰገንኩት መያዝ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ቅጂውም ከተማችን ደርሷል። አንድ ሱቅ «ኦርጂናል ነው እህቴ፣ በነፍሴ» ብሎ ሲምልልኝ የእኔኑ ጫማ አድርጌ ነበር። የውስጡን ንጣፍ አንሥቼ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ከፊትም ከኋላም እኩል ደረቅ፣ የማስቲሽ ሽታው ዓይን የሚያስለቅስ። ለመልክ ከሆነ ያምራል። ሊጫወቱበት ለሚፈልጉ ግን በዚያ ዋጋ ደህና የልባሽ ጫማ ፈልጎ መግዛት ይሻላል።

ወንዶቹ ተማሪዎች «የሴት ጫማ ነው?» ብለው ይስቁ ነበር። በኤንቢኤ በርካታ ወንዶች እንደሚጫወቱበት ሲሰሙ አንዱ ለጨዋታ አውሺኝ አለኝ። አላዋስኩትም። እኛ ስንጫወት የወንድሞቻችንን ጫማ በሁለት ካልሲ ሞልተን ነበር የምናደርገው። በሴት ተጫዋች ስም የመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ ጫማ የወጣው በ1995 ለሸሪል ስዉፕስ ነው፤ የሴቶቹ ሊግ ዳብሊውኤንቢኤ መጫወት ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ቀድሞ። ከዚያ በኋላ ጥቂቶች ወጡና ዘርፉ ለዓመታት ተቀዛቀዘ። በ2022 ብሪያና ስቱዋርት በፑማ፣ ኤሌና ዴሌ ዶን በናይኪ፤ በ2023 ሳብሪና፤ በ2025 ኤጃ ዊልሰን ተከተሉ።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እንጀራም ነው። በ2020 አንደኛ ሆና የተመረጠች ተጫዋች የዓመት ደመወዝ 68,000 ዶላር ገደማ ነበር። በዚህ የተነሣ ብዙዎቹ ሊጉ በማይጫወትበት ወራት ወደ ቱርክ፣ ሩሲያና ቻይና እየሄዱ ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ይጫወቱ ነበር። ስቱዋርት በ2019 ለሩሲያ ክለብ ስትጫወት ሃንጋሪ ውስጥ የተረከዟ ጅማት ተበጥሶ የአገሯን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ አጥታለች። የጫማ ውል ያላት ተጫዋች ቢያንስ እግሯን የማሳረፍ ምርጫ አላት። ለዚህ ነው 130 ዶላሩ ውድ ነው ብል እንኳ ያለ አግባብ ነው የማልለው።

እንግዲህ በጣሪያ ሥር የምትጫወት፣ ኳስ የምትነዳና እየቆመች የምትወረውር ልጅ ካለቻችሁ ግዙላት። ለሲሚንቶ ብቻ ከሆነ ተዉት፤ እኔም የዘወትሩን ልምምድ በአሮጌው ጫማዬ ቀጥዬ ሳብሪናውን ለውድድር አስቀምጬዋለሁ። ከውጭ የምታስመጡ ቁጥር ብቻ አትናገሩ፤ እግራችሁን ማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ ወረቀት ላይ አሥምራችሁ ርዝመቱን በሴንቲሜትር ላኩ። ሣጥኑንም እዚያው ይጣሉት በሉ፤ ሻንጣዬን ሞላብኝ ብላ የአክስቴ ልጅ እስካሁን ታነሣብኛለች።