ከውሾቻችሁ ጋር በካምፐርቫን ወደ ባሕር ዳርቻ ለምትወጡ፦ ከርክክቡ ሰዓት ተጠንቀቁ

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው በብሪታንያ ለምትኖሩና ለብቻችሁ፣ ወይም እንደ እኔ ውሾቻችሁን ብቻ አስከትላችሁ፣ ካምፐርቫን (ውስጡ የሚታደርበት፣ መኝታ ያለው መኪና) ተከራይታችሁ በባሕር ጠረፍ የእግር ጉዞ ለማድረግ ለምታስቡ ወገኖቼ ነው። ባለፈው ሴፕቴምበር የገባሁበት ዓይነት ውል ውስጥ ሌላ ሰው እንዲገባ አልፈልግም። ጉዳዩ ገና ስላልተዘጋ የአከራዩን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ የተጠቀሙበት ዘዴ ግን በየትኛውም አከራይ ዘንድ ሊያጋጥማችሁ ስለሚችል አንድ በአንድ አስረዳለሁ።

በዌልስ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በፔምብሩክሸር፣ የሚያልፈው የጠረፍ መንገድ 186 ማይል ይረዝማል። በሰሜን ከሴንት ዶግሜልስ ተነሥቶ በደቡብ አምሮት የሚያበቃና ከ1970 ጀምሮ ለእግረኛ ክፍት የሆነ መንገድ ነው። ዕቅዴ ከዚህ ውስጥ በሴንት ዴቪድስ ዙሪያ ያለውን ክፍል በሰባት ቀን እየቆራረጥኩ መጓዝና ማታ ማታ ከሁለቱ ውሾቼ፣ ከመቻልና ከቡቺ ጋር በመኪናው ውስጥ ማደር ነበር። ሁለት ውሻ ይዞ የመጣን እንግዳ የሚቀበል ማረፊያ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ ካምፐርቫኑ ለእኔ ብቸኛው አማራጭ ነበር፤ እንዲህ ያለ አማራጭ የሌለው ደንበኛ ደግሞ ለአከራዩ ምን ያህል የተመቸ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ማስታወቂያው ሦስት ነገር ተስፋ ይሰጥ ነበር፤ ውሾች በደስታ እንደሚስተናገዱ፣ ዋጋው ሁሉን ያካተተ እንደሆነ፣ እንዲሁም በፈለጉት የባሕር ዳርቻ አቁሞ ማደር እንደሚቻል። ከሦስቱ አንዱም እውነት ሆኖ አልተገኘም።

በጁን ወር ስመዘገብ የተነገረኝ ዋጋ ለሰባት ሌሊት 840 ፓውንድ፣ ማስያዣው ደግሞ 250 ፓውንድ ነበር። ቅድመ ክፍያውን 200 ፓውንድ በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። ቀሪውን 640 ፓውንድ በባንክ ባስተላልፍ ማስያዣው ቶሎ እንደሚመለስልኝ ስለነገሩኝ ያሉኝን አደረግኩ። የውሉን ሙሉ ቃል እንዲልኩልኝ ስጠይቅ «በርክክቡ ዕለት ይሰጥዎታል» የሚል መልስ አገኘሁ። ስሕተቴ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ውሉን ሳላነብ ገንዘቤን መልቀቅ አልነበረብኝም።

የርክክቡ ዕለት ዓርብ ከቀትር በኋላ ነበር። ያደረሰችኝ ጓደኛዬ ሥራ ስለነበረባት ወዲያው ተመለሰች፤ እኔ ሁለት ውሾች፣ ሁለት ሻንጣና የውሾቹን ምግብ ይዤ በዝናብ ውስጥ በአንድ የመጋዘን ግቢ ቀረሁ። ሠራተኛው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከጎኑ አሥራ አንድ ገጽ ውል ዘረጋ፤ ቢሮው ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደሚዘጋም ነገረኝ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ማስያዣው 1,500 ፓውንድ ሆኗል። ለእያንዳንዱ ውሻ በሌሊት 10 ፓውንድ፣ በድምሩ 140 ፓውንድ ይከፈላል፤ ለጋዝና ለመጸዳጃው ኬሚካል ደግሞ ሌላ 45 ፓውንድ ተጨምሯል። ለምን በማስታወቂያው ላይ እንዳልነበረ ስጠይቀው «ካልተስማሙ መተው ይችላሉ፤ የከፈሉት ግን አይመለስም» አለኝ። ቡቺ በብርድ እየተንቀጠቀጠች እግሬ ሥር ተጠቅልላ ነበር። ፈረምኩ። አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት ለእንዲህ ያለ ፊርማ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በኢንተርኔት የተገዛ ነገር ሁሉ በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ቀኑ ተቆርጦ የተያዘ የመኪና ኪራይ ከዚህ የመሰረዝ መብት ውጭ ነው። በሌላ በኩል ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የብሪታንያ ሕግ ደንበኛው ሊያስቀረው የማይችለው ክፍያ ሁሉ መጀመሪያ በሚነገረው ዋጋ ውስጥ እንዲካተት ያስገድዳል። ስለዚህ የጋዙን 45 ፓውንድ በርክክብ ጠረጴዛ ላይ መጨመር አይገባቸውም ነበር። እኔ ይህን ያወቅኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ እናንተ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንባችሁ ከወዲሁ እወቁት።

ሁለተኛው ጉዳት የመጣብኝ ከመኪናው ከራሱ ነው፤ ይህን በተለይ የእግር ተጓዥ ልብ ሊለው ይገባል። ካምፐርቫን ሞተሩን ከሚያስነሣው ባትሪ ሌላ መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውንና ማሞቂያውን የሚያንቀሳቅስ የመኖሪያ ክፍል ባትሪ አለው። ይህ ባትሪ የሚሞላው መኪናው ሲነዳ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ሲገናኝ ወይም ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ካለ ነው። በየቀኑ ከተማ ለከተማ የሚነዳ ሰው ያረጀ ባትሪ ላይሰማው ይችላል፤ እኔ ግን መኪናውን አቁሜ ቀኑን ሙሉ በእግሬ የምጓዝ በመሆኔ ባትሪው የሚሞላበት ጊዜ አልነበረውም። የተለመደው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆንና ሲያርፍ ወደ 12.7 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ሲደርስ ግማሹ አልቋል ማለት ነው። እኔ በሁለተኛው ቀን ማለዳ ስነሣ ከበሩ በላይ ያለው ትንሽ መቆጣጠሪያ 11.4 ይል ነበር። በናፍጣ የሚሠራው ማሞቂያ ነዳጁ ጥቂት ቢሆንም ሲነሣ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ ኃይሉ ሲያንሰው ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ብሎ ቀይ መብራት ያበራና ይጠፋል። ስደውልላቸው የሰጡኝ ምክር «ይንዱት፣ ይሞላል» የሚል ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ያለ ዓላማ ነዳሁ፤ ማታውኑ ተመልሶ ሞተ።

መንገዱ ራሱ አላሳፈረኝም። ረቡዕ ዕለት ከፖርትክላይስ ወደ ሴንት ጀስቲንያን በሚወስደው የገደል ጫፍ ላይ፣ የራምሲ ደሴት ፊት ለፊት እየታየኝ፣ ከታች በጠጠሩ ላይ አንድ ነጭ ግልገል ተኝቶ አየሁ። «ግሬይ ሲል» የሚባለው የባሕር እንስሳ በዚህ ጠረፍ በሴፕቴምበር ይወልዳል። እናቲቱ ተደናግጣ ግልገሉን ጥላ እንዳትሄድ ውሾቹን በአጭር ገመድ ይዤ ድምፅ ሳላሰማ አለፍኩ። እንዲህ ያለውን ነገር እንዳታጡ ስለምፈልግ ነው ጉዞውን ተዉት የማልላችሁ። ይሁን እንጂ ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ዶፍ ዘነበ፤ ሦስታችንም ርሰን ወደ መኪናው ስንመለስ ማሞቂያው አልተነሣም። ፎጣው አልደረቀም፣ ፍራሹ እርጥበት ሳበ፣ ጠዋት መስኮቶቹ ሁሉ በላብ ተሸፍነው ተገኙ። ይህን እርጥበት አስታውሱልኝ፤ በኋላ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

በፈለጉት ዳርቻ ማደር ስለተባለውም አጭር ቃል ልናገር። በእንግሊዝም ሆነ በዌልስ መኪና አቁሞ በየትም የማደር አጠቃላይ መብት የለም። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የስኮትላንድ የ2003 ሕግ እንኳ ለእግረኛና ለድንኳን እንጂ ለሞተር ተሽከርካሪ መብት አይሰጥም። የደረስኩባቸው የባሕር ዳር መኪና ማቆሚያዎች ሌሊት ማደር ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ በመግቢያቸው ላይ ነበራቸው። ስለዚህ በየሌሊቱ ከ25 እስከ 32 ፓውንድ እየከፈልኩ በካምፕ ግቢ አደርኩ። በብዙ ዳርቻዎችም ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ውሻ ይከለከላል ወይም በሰዓት ይገደባል፤ ደንቡን የሚያወጣው የየአካባቢው አስተዳደር ስለሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ከአከራዩ ሳይሆን ከእነርሱ ጠይቁ።

መኪናውን በሰዓቱ፣ ጠርጌና ጠጉሩን በመጥረጊያ መሣሪያ ስቤ መለስኩ። የተረከበኝ ሠራተኛ ዞር ዞር ብሎ አየና «እሺ» አለኝ፤ የጽሑፍ ማረጋገጫ ስጠይቅ በኢሜይል እንደሚላክ ነገረኝ። በዘጠነኛው ቀን የደረሰኝ ኢሜይል ግን ከማስያዣው 815 ፓውንድ መቆረጡን የሚገልጽ ነበር። 410 ፓውንድ በተንሸራታቹ በር ሥር ላለ ጭረት፣ 320 ፓውንድ ለውሻ ጠረንና ለእርጥበት ጽዳት፣ 85 ፓውንድ ደግሞ ስለ ባትሪው ለደወልኩበት የእርዳታ አገልግሎት። የራሳቸው ማሞቂያ ባለመሥራቱ የመጣውን እርጥበት እኔ እንድከፍል፣ ብልሽቱን ስለነገርኳቸውም ተጨማሪ እንድከፍል ማለት ነው። ይህን ሳነብ የተሰማኝን ቁጣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ብቻውን የሚጓዝ ሰው ምስክር የለውም። እኔን ያዳነኝ በርክክቡ ዕለት፣ በዚያ ዝናብ ውስጥም ቢሆን፣ ከግቢው ሳልወጣ በስልኬ የቀረጽኩት የአራት ደቂቃ ቪድዮ ነው። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የተጓዘውን ማይል፣ አራቱን ጎማ፣ ከዚያም በግንባሬ ተደፍቼ የበሩን ሥር ቀርጬ ነበር፤ ጭረቱ፣ ጫፉ ላይ ካለው ዝገት ጋር፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቪድዮውን በላክሁ በሁለተኛው ቀን 410 ፓውንዱ ያለ አንዳች ማብራሪያ ተመለሰልኝ። አንድ ነገር ግን አልቀረጽኩም፤ የባትሪውን ቮልትና የማሞቂያውን መነሣት። እናንተ ማሞቂያው ሞቅ ያለ አየር እስኪያወጣ ድረስ አብርታችሁ ቅረጹት፤ ሠራተኛው ቢቸኩልም አትንቀሳቀሱ። የመኪናውን የዓመታዊ ምርመራ ታሪክም በሰሌዳ ቁጥሩ ብቻ ከመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ማየት ይቻላል።

ስለ አከፋፈሉም አደራ እላችኋለሁ። ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይና እስከ 30,000 ፓውንድ ከሆነ፣ ጥቂቱን ክፍል እንኳ በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ፣ በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ካርዱን የሰጠው ባንክ ለመላው ውል ከአከራዩ ጋር እኩል ተጠያቂ ይሆናል። በአገናኝ ድርጅት በኩል ሲከፈል ይህ ጥበቃ ሊቀር ስለሚችል በቀጥታ ለአከራዩ ክፈሉ። የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግም የተከራየ ዕቃ በተነገረለት ልክ እንዲሠራ ያስገድዳል፤ ፍትሐዊ ያልሆነ የውል ቃልም ተፈርሞበት እንኳ ሸማቹን እንደማያስገድድ ይደነግጋል። ሆኖም ይህ ሕግ የሚሠራው ከነጋዴ ለተከራየ ሰው ነው፤ ከግለሰብ ላይ መኪናውን የምትወስዱ ከሆነ ጥበቃችሁ የሳሳ መሆኑን እወቁ። በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ብቻ እንደሚያገለግል አትርሱ፤ ጊዜው ባለፈ ፈቃድ መንዳት መድኑን ዋጋ ያሳጣዋል።

ቀሪውን 405 ፓውንድ በዚሁ በአንቀጽ 75 መሠረት ባንኬ እንዲመልስልኝ ጠይቄ ውሳኔ እየጠበቅኩ ነው። ባይሳካ እስከ 10,000 ፓውንድ የሚደርሱ ጥቃቅን ክሶች ወደሚታዩበት ፍርድ ቤት እወስደዋለሁ። ለተባለው የጠረን ጽዳት የተከፈለበትን ደረሰኝ እንዲልኩልኝ አከራዮቹን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ እስከ ዛሬ አልደረሰኝም።