ሦስት ጎማ ያላት ዊልቸሬ፦ ከ14 ወር በኋላ

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭና ስትመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አያት። «ይቺ ደግሞ የባጃጅ ልጅ ናት እንዴ?» አለ አንዱ። አልተሳሳተም። ከኋላ ሁለት ትልልቅ የብስክሌት ጎማ አላት። ከፊት አንዲት ብቻ፣ ያውም ከእግሬ ራቅ ብላ። ይኸው 14 ወር ሆነን፤ ሁለተኛ ክረምታችንን ልንጀምር ነው።

ስለ እኔ ትንሽ ልበል። ከስድስት ዓመት በፊት የአከርካሪ ቲቢ ያዘኝ። ተራ የጀርባ ሕመም መስሎኝ ለወራት በማስታገሻ ሳባብለው ከረምኩ። ቲቢው ለካ አጥንቱን እየበላ፣ መግሉ ህብለ ሰረሰሬን ተጭኖት ነበር። 12 ወር መድኃኒት ወስጄ ቲቢው ዳነ። ነርቩ ግን እንደ ድሮው አልሆነልኝም። ቤት ውስጥ በክራንች ጥቂት እርምጃ እሄዳለሁ። ከደጅ ከወጣሁ ዊልቸር ነው።

የመጀመሪያዋ ዊልቸሬ ሆስፒታል ውስጥ የምታዩዋት ዓይነት ነበረች፤ አራት ጎማ ያላት፣ የምትታጠፍ። ለሆስፒታል ኮሪደር ምንም አይወጣላትም። ጅማ ግን ኮሪደር አይደለችም። ኮብልስቶን ላይ የፊቶቹ ትንንሽ ጎማዎች በየድንጋዩ መሃል ይሰነቀራሉ። ጭቃ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ይቀበራሉ። ሁለቴ በግንባሬ ተደፍቻለሁ፤ አንዴ ሄርማታ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ።

የአዲሷ ምስጢር የገባኝ የእናቴ በርጩማ ላይ ዓይኔ ሲያርፍ ነው። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ነው፤ ወለሉ ጎርባጣ ቢሆንም አይወላገድም። ሦስት እግር ምንጊዜም መሬት ይነካል። አራት ሲሆን አንዱ አየር ላይ ይቀራል። ዊልቸሯም እንደዚያው ናት። የፊቷ ጎማ ትልቅ ስለሆነች ድንጋይ ትወጣለች፤ ራቅ ብላ ስለተቀመጠች ደግሞ ወደፊት መደፋት የለም። በ14 ወር አንዴም በግንባሬ አልተደፋሁም።

ሕመሙን ግን ወንበር አይወስደውም። እግሬን ብትቆነጥጡኝ እምብዛም አይሰማኝም፤ ያው እግር ግን ማታ ማታ ፍም ላይ እንደተጣደ ይቃጠላል። ይህን ለሰው ማስረዳት አንድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «ካልተሰማህ እንዴት ያምሃል?» ይሉኛል። የተጎዳው ነርቭ ነው የሚዋሸው፤ እግሩ ምንም አልሆነም። ለነርቭ ሕመም የምወስዳት መድኃኒት፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ታለዝበዋለች እንጂ አታጠፋውም።

ወንበሯ የምትረዳኝ በንዝረቱ በኩል ነው። በአሮጌዋ ከቤት እዚሁ ጅማ መርካቶ እስክደርስ እግሬ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጥ ነበር። ጉልበቴን በእጄ ወደታች ካልተጫንኩት አይቆምም። አሁንም ይመጣል፣ ግን በጣም ቀንሷል። ብልሃቱ ያለው ጎማው አየር ላይ ነው። የሰፈራችን ጎሚስታ እንደ ልማዱ ጥርቅም አድርጎ ይሞላዋል። «ጋሼ፣ ልጨምርላት?» ሲለኝ «ኧረ ተው፣ በአውራ ጣት ስጫናት ትንሽ እጅ ትስጥ» እለዋለሁ። ለስለስ ስትል ኮብልስቶኑን ትውጠዋለች። አስፋልት ላይ ግን ትከብዳለች፤ ትከሻዬ ያውቃታል።

ለስላሳ ጎማ ሌላም ጣጣ አለው፤ የተማርኩት ወድቄ ነው። ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን በመጫን ነው። አየሩ ሲቀንስ አይደርስበትም። ነሐሴ ላይ ወደ አልጋ ልሻገር ስል ወንበሯ ሸርተት አለችና ወለል ላይ ቁጭ። ደግነቱ አልተሰበርኩም። ከዚያ ወዲህ የፍሬኑን ብሎን ፈትቼ ወደ ጎማው አስጠግቼዋለሁ። አየር በነካካሁ ቁጥርም ሳልቀመጥባት በፊት ገፋ አድርጌ እሞክራታለሁ።

ትልቁ ቅሬታዬ መቀመጫው ነው። አብሯት የመጣው ስፖንጅ ገና አራት ወር ሳይሞላው ሞተ። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። እኔ ደግሞ ታች ስለማይሰማኝ አላወቅኩም። ባለቤቴ ነች ያየችው፤ የጅራት አጥንቴ ላይ ጠቆር ያለ፣ ሲነኩት የሚሞቅ ቦታ። እንደ እኛ ጠይም ቆዳ ላይ ቅላት ቶሎ አይታይም፤ ስለዚህ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ ነው የምትፈልጉት። ሁለት ሳምንት በጎኔ ተኛሁ። ስፖንጁ ሲሞት አጥንት ቆዳውን እየተጫነ የሚያመጣው ቁስል ጅማሮ ነበር፤ ቆዳው ቢከፈት ኖሮ ወራት ይፈጅ ነበር።

አሁን ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ተማክሬ፣ ሶፋ ከሚሠሩ ልጆች 10 ሴንቲ ውፍረት ያለው ጠንካራ ስፖንጅ አስቆርጫለሁ። በየወሩ ባለቤቴ እጇን ከሥሩ ታስገባለች። አጥንቴ ወደ እጇ ከቀረበ፣ ስፖንጁ አብቅቶለታል ማለት ነው። የስፖንጁ ልብስ ሁለት ነው፤ ሽንት ሲያመልጠኝ (ያመልጠኛል፣ ምን ይደረግ) አንዱ ሲታጠብ ሌላውን ይለብሳል። በየግማሽ ሰዓቱም በእጆቼ ተደግፌ ብድግ እላለሁ። ሥራ ቦታ፣ ቡና ነጋዴው ቤት ሂሳብ ስሠራ፣ «ምነው ተቁነጠነጥክ?» ይሉኝ ነበር። ለምደውታል።

ቤት ውስጥ? ለዚያ አልተፈጠረችም። ረጅም ናት፣ በጠባብ ቦታ አትዞርም። ባጃጅ ላይም ችግር ናት፤ አትታጠፍም። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ቶሎ ይወልቃሉ፣ አካሏ ከጎኔ ይገባል፣ ጎማዎቹን ታቅፌ እቀመጣለሁ። ግማሹ ሹፌር «ፋዘር፣ የሁለት ሰው ይከፍላሉ» ይለኛል፤ ግማሹ ጭራሽ አይቶኝ ጋዝ ይሰጣል። ታዲያ አንድ ደንበኛ አለኝ፤ ጎማዎቹን ከእኔ ፈጥኖ ይፈታል።

ክረምት ላይ ጭቃው የፊቷን ጎማ ኩሽኔታ ይበላዋል። መስከረም ላይ እንደ ወፍጮ መንጫጫት ጀምራ ነበር። ሞተር ሳይክል ከሚጠግን ልጅ በልኳ ኩሽኔታ ተገኝቶ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ከሁለት ወር ደሞዜ በላይ ያወጣሁባት ዕቃ እዚሁ ሰፈር መጠገኗ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ዘንድሮ ሰኔ ሳይገባ ግሪስ አስሞልቻለሁ።

አሮጌዋን አልጣልኳትም። ውሃ ሲጠፋ ልጆቹ ሁለት ጄሪካን ጭነውባት ይመላለሳሉ። ቤቱ አስፋልት ዳር የሆነና ወለሉ ልሙጥ የሆነ ሰው ካለ ግን፣ ጄሪካኖቹን አውርጄ እሰጠዋለሁ። ስፖንጁን ብቻ እንዲቀይር።