«በራሱ ይሰጣል» ከተባለ በኋላ የመጣው ማመልከቻ፦ የብሪታንያ ሴትልድ ስታተስ አገልግሎት ሲገመገም

ጁን 1 ቀን 2016፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ቦሪስ ጆንሰንና ማይክል ጎቭን ጨምሮ የ«እንውጣ» ዘመቻ መሪዎች አንድ መግለጫ አወጡ። በብሪታንያ በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ በራሱ ይሰጣቸዋል፣ የሚለወጥባቸው ነገር የለም የሚል ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከመራጩ 51.9 በመቶው «እንውጣ» አለ። ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካቸው የኅብረቱ ዜጎች፣ ከአየርላንድ፣ ከማልታና ከቆጵሮስ ሰዎች በቀር፣ ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም። የሆላንድ ፓስፖርት ይዞ ለንደን የገባ ኢትዮጵያዊ ዝም ብሎ ሲያይ፣ የብሪታንያ ዜግነት የወሰደው ወንድሙ መርጧል። በመጨረሻም በራሱ የተሰጠ ፈቃድ አልመጣም። የመጣው ማርች 30 ቀን 2019 ሙሉ በሙሉ የተከፈተውና እስከዛሬም የሚሠራው፣ ሴትልድ ስታተስ (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) የሚጠየቅበት የማመልከቻ አገልግሎት ነው።

አገልግሎቱ ነጻ ነው። መጀመሪያ ለአዋቂ 65 ፓውንድ፣ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ 32.50 ፓውንድ ታስቦ ነበር፤ ጃንዋሪ 2019 ላይ ቴሬዛ ሜይ ክፍያውን አነሱት። ስለዚህ «የማመልከቻ ነው» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የሚቀበለው ለራሱ ነው። ሳይመዘገቡ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠትም በብሪታንያ ሕግ ወንጀል ስለሆነ፣ ፎርም ከሚሞላላችሁ ሰው የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ።

የስልክ መተግበሪያው ከአገልግሎቱ ሁሉ ምርጡ ክፍል ነው። አራት ነገር ያሠራችኋል፦ የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ ማንሳት፣ ቺፑን ማስነበብ፣ ፊትን በካሜራ ማሳየት፣ በመጨረሻም የራስን ፎቶ ማንሳት። ሰው የሚቸገረው ሁለተኛው ላይ ነው። ቺፑ እንደየአገሩ ፓስፖርት በሽፋኑ ወይም በፎቶው ገጽ ውስጥ ይገኛል። የስልኩን መያዣ አውልቁ፤ ፓስፖርቱን ብረት ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፤ ስልኩን ፓስፖርቱ ላይ በቀስታ አንሸራትቱ፣ ንባቡ ሲጀምር ደግሞ ሳታነቃንቁ ጠብቁ። በአይፎን የሚያነበው ከላይኛው ጫፍ አካባቢ ነው። አንድሮይድ ከሆነ ኤንኤፍሲ (ቺፑን በቅርበት የሚያነበው የስልኩ ክፍል) መከፈቱን አስቀድማችሁ እዩ። (አይፎን ያላቸው መጠቀም የቻሉት ከኦክቶበር 2019 ወዲህ ነው፤ እስከዚያ መተግበሪያው ለአንድሮይድ ብቻ ነበር።)

ቀጥሎ ሥርዓቱ ስምን፣ የትውልድ ቀንንና የናሽናል ኢንሹራንስ (የማኅበራዊ ዋስትና) ቁጥርን ይዞ ከግብርና ከማኅበራዊ ድጎማ መዝገቦች ጋር ያመሳክራል። የእኛ ሰዎች ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ነው። በአውሮፓ ፓስፖርት ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲሰፍር፣ አሠሪው ደመወዝ መዝገብ ላይ የአባትን ስም በዚያው ቦታ ጽፎት ሊሆን ይችላል። የትውልድ ቀንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ በአንዱ ወረቀት አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ማመሳከሪያው «ማስረጃ አላገኘሁም» ይላል። ይህ ውድቅ ማድረግ አይደለምና አትደንግጡ፤ የጎደለውን በወረቀት መሙላት ይቻላል። ከማመልከታችሁ በፊት ግን የደመወዝ ወረቀቱን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ ከተለያየም አሠሪው እንዲያስተካክለው ጠይቁ።

ትልቁ ወጥመድ ከዚያ በኋላ ባለው ገጽ ላይ ነው። ሴትልድ ስታተስ የሚገባው አምስት ዓመት ለኖረ ሰው ነው፤ መዝገቡ ሦስቱን ብቻ ካገኘለት ግን ሥርዓቱ ፕሪ-ሴትልድ ስታተስ (ጊዜያዊ ፈቃድ) ያቀርብለታል፤ መቀበያው ደግሞ እዚያው ፊት ለፊት ነው። ብዙ ሰው ሳያነብ ይቀበላል። አትቀበሉ፤ ማስረጃ ማቅረብን ምረጡ። የሚጫነው ወረቀት ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚሸፍነውን አስቀድሙ፦ የዓመቱን የደመወዝና ግብር ማጠቃለያ (ፒ60)፣ የካውንስል ታክስ ደረሰኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ገቢና ወጪ የሚያሳይ የባንክ መግለጫ፣ የአሠሪ ደብዳቤ። አንድ ቀን ብቻ ያለበት ወረቀት፣ ለምሳሌ የሐኪም ቀጠሮ፣ የሚቆጠረው ለዚያ ወር ብቻ ነው። የቤተሰብ ፎቶና የወዳጅ ምስክርነት ጭራሽ አይቆጠርም።

ፕሪ-ሴትልድ ያላቸው ሰዎች ሌላ ታሪክ አላቸው። መጀመሪያ የወጣው ሕግ አምስት ዓመት ሲሞላህ እንደገና ካላመለከትክ መብትህን ታጣለህ ይል ነበር። የዜጎችን መብት የሚከታተለው ነጻ ተቋም ከሶ፣ ዲሴምበር 2022 ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህ ሕገ ወጥ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ጊዜውን ራሱ ያራዝማል። ከጁላይ 16 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ሳይቋረጥ መኖርን ማስረዳት ለከበዳቸው፣ ባለፉት 60 ወራት ውስጥ 30 ወር ብሪታንያ መኖራቸውን ማሳየት ይበቃል። አዲስ አበባ ሄዶ ወላጅ ሲያስታምም ከስድስት ወር በላይ ለቆየ ሰው ይህ ከፍተኛ ለውጥ ነው። ቀድሞ ተስፋ ቆርጣችሁ ከነበረ ወሩን እንደገና ቁጠሩት።

አሁን ፈቃዱ በራሱ ይሰጥ ወይስ በማመልከቻ ወደሚለው ክርክር እንመለስ። ተቃዋሚዎች «ቃል የተገባው በራሱ እንዲሰጥ ነበር» ሲሉ እውነት አላቸው። መንግሥትም ያለ ምክንያት አልነበረም፦ ከካሪቢያን ለመጡት ሰዎች በ1970ዎቹ መብት በሕግ ተሰጥቷቸው ወረቀት ስላልተሰጣቸው፣ መብታቸውን ማስረዳት አቅቷቸው እንደ ሕገ ወጥ የተቆጠሩበትና በ2018 የፈነዳው የዊንድረሽ ቅሌት ተከተለ። መመዝገቡ ስለዚህ ተገቢ ነበር ብለን እናምናለን። የአገሪቱ የሕዝብ መዝገብ ምን ያህል ጎዶሎ እንደሆነ ለማየት፣ መንግሥት ያመለክታል ብሎ የገመተው ከ3.5 እስከ 4.1 ሚሊዮን ሰው ሲሆን፣ እስከ ዋናው የማመልከቻ ቀነ ገደብ ጁን 30 ቀን 2021 የገባው ማመልከቻ ግን ከ6 ሚሊዮን በላይ ነበር። ጥፋቱ መብቱን ራሱን በምዝገባው ቀን ላይ ማንጠልጠሉ ነው። ጀርመን፣ ጣሊያንና ስፔን እዚያ ለሚኖሩ ብሪታንያውያን ያደረጉት ተቃራኒውን ነው፤ መብቱ በሕግ ይኖራል፣ ካርዱ ማረጋገጫው ነው።

ካርድ! ብሪታንያ ይህንንም ነፍጋለች። የላይኛው ምክር ቤት ጃንዋሪ 2020 ላይ ወረቀት ይሰጥ ብሎ የመውጫውን ረቂቅ ሕግ ቢያሻሽለውም የታችኛው ምክር ቤት ጣለው። ፈቃዳችሁ ያለው ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው። ሥራ ሲገባ ወይም ቤት ሲከራይ ዘጠኝ ፊደልና ቁጥር ያለው ሼር ኮድ ይወጣል፤ ለሥራ በደብልዩ፣ ለኪራይ በአር፣ ለሌላው በኤስ ይጀምራል፤ የሚቆየው 90 ቀን ነው። ለቤት አከራይ የሥራውን ኮድ ብትሰጡት አያገለግለውም። ወደ መለያው (አካውንቱ) ለመግባት የሚያስፈልገው ስልክ ወይም ኢሜይል ስለሆነ፣ ቁጥር ስትቀይሩ መለያውን ያኔውኑ አድሱ። ፓስፖርት ስታሳድሱም አዲሱን አስመዝግቡ፤ አለበለዚያ አየር መንገዱ ፈቃዳችሁን ላያገኘው ይችላል። ስማርት ስልክ የማይጠቀሙ እናቶቻችን ሁልጊዜ በልጅ እጅ ላይ ናቸው፤ በእኛ እይታ ይህ የአገልግሎቱ አስከፊ ጉድለት ነው።

ቤተሰብ ለማምጣት የሚያገለግለው ፋሚሊ ፐርሚትም ነጻ ነው፤ ከኢትዮጵያ ማመልከት ይቻላል። ለትዳር ጓደኛ ግንኙነቱ ከ2020 ማብቂያ በፊት የነበረ መሆን አለበት። የአማርኛው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ ይቅረብ። ለወላጅ ደግሞ በልጃቸው ድጋፍ እንደሚኖሩ ማስረዳት ግድ ነው፤ ጥያቄው ለምግብ፣ ለቤትና ለሕክምና የሚበቃቸው ከየት ይመጣል የሚል ነው። ለዓመታት በሰው እጅ የተላከ ገንዘብ ዱካ የለውም። ከአሁን ጀምሮ በላኪው ልጅ ስም፣ በባንክ ወይም በታወቀ አስተላላፊ በኩል ላኩና ደረሰኙን አስቀምጡ። እንግሊዝ የደረሰ የቤተሰብ አባል በሦስት ወር ውስጥ ስታተሱን ማመልከት አለበት። ያ ካለፈ የዘገየበትን ምክንያት ማስረዳት ይጠየቃል፤ ከኦገስት 9 ቀን 2023 ወዲህ ደግሞ ምክንያቱ የሚመዘነው ማመልከቻው ገና ሳይታይ ነው። «አላወቅሁም ነበር» ብቻውን እምብዛም አያሻግርም። ወላጅ ሳያመለክትለት የቀረ ልጅ ግን ጥሩ ምክንያት አለው፤ ለእሱ ዛሬውኑ አመልክቱ።